ሐሙስ ሐሙስ ስለሚበረታው አንጎል

የመማርና የማስታወስ ቤተ ሙከራ ሳምንታዊ ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ፣ ኦገስት 16 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ቦታ፦ ደኒደን ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሻይ ክፍል። የስብሰባ አዳራሹን የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ቀድመው ይዘውታል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡40። የጥሪው ወረቀት 3፡30 ይላል። ዐሥሩ ደቂቃ ማሞቂያውን ለማስነሳት ውሏል።

የተገኙ፦

1. ፕሮፌሰር ፌርገስ ጌዲስ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊና ሰብሳቢ። በመጪው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ።

2. ዶ/ር ሂኔራንጊ ፓኪ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ።

3. ዶ/ር ብሬት ሎክዉድ፣ ተመራማሪና የማሽን ተራ አውጪ። ከሞቃታማው ኩዊንስላንድ የመጡ ናቸው። ስለ ደኒደን ብርድ የተናገሩት ሁሉ ቦታ ስለማይበቃ አልተመዘገበም።

4. ቲሬሳ ሌያቫሳ፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት።

5. ዋረን ትዊዲ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻንና የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ። ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሽንት ቤት በሄደበት ነው።

ያልተገኙ፦ ዶ/ር ኒኮላ ቫንስ፣ የመርሳት ጥናት ኃላፊ። የቀሩበትን ምክንያት አላሳወቁም፤ ጉባኤውም አልጠየቀም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤ አነበበ። ዶ/ር ሂኔራንጊ በሁለተኛው ገጽ ላይ «የሻይ ማንኪያዎቹን ማን እንደሚወስድ አውቃለሁ» ብለው ተናግረዋል የሚለውን ተቃወሙ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው እንዳልወጣ፣ ማንኪያዎቹን ማን እንደሚወስድ ግን በእርግጥ እንደሚያውቁ አስረዱ። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ብቻ መሆኑን ገለጸ። ተናግረዋል ወይስ አልተናገሩም በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ሁለት ለሁለት ሆነ። ዶ/ር ሂኔራንጊ ራሳቸው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

ሰብሳቢው ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ መገኘታቸውን እርግጠኛ እንዳልሆኑ ተናገሩ። ጸሐፊው ፊርማቸውን አሳያቸው። ፊርማው የእሳቸው መሆኑን አመኑ፤ መገኘታቸውን ግን አላመኑም።

ዶ/ር ብሬት ማስታወስን የሚያጠና ቤተ ሙከራ የሳምንት ነገር ማስታወስ ካቃተው ሁላችንም ሌላ ሥራ ብንፈልግ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ደጋፊ አግኝቶ ነበር፤ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቃለ ጉባኤው «ማንም የማያስታውሰው፣ ሆኖም ሊሆን የሚችል» በሚል ጸድቋል። አጀንዳው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ወስዷል።

አጀንዳ 2፦ የተማሪ ቲሬሳ ሌያቫሳ ሪፖርት

ይህን ጽሑፍ ከእኛ ሌላ የሚያነበው ሰው ቢገኝ፣ እስካሁን ባይገኝም፣ ነገሩ እንዲገባው የሚከተለው ተመዝግቧል። የአይጥ አንጎል በስሱ ተቆርጦ በሞቀ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። አንዱ የነርቭ ሴል ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። በኤሌክትሪክ ደጋግመን ስንነካካው ግንኙነቱ ይበረታል፤ በርትቶም ይቆያል። ሰው ሲማር በጭንቅላቱ ውስጥ የሚሆነው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው ብለን እናምናለን። እዚህ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስናጠና ስለቆየን እኛም የተማርን ይመስለናል።

ተማሪ ቲሬሳ ለሦስት ዓመት ባደረገችው ጥናት «ዐሥራ አራት ቁጥር» የተባለው መድኃኒት ሲጨመር ሲናፕሱ እጥፍ እንደሚበረታ አግኝታለች። ጽሑፏ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ተቀባይነት አግኝቶ የመጨረሻ ፈቃዷን ዛሬ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት እንድትልክ ይጠበቃል። የመመረቂያ ሥራዋ ዋና ምዕራፍም እሱ ነው። ምረቃው በዲሴምበር ነው። ከሳሞአዋ አፒያና ከኦክላንድ አርባ አንድ ዘመዶቿ እንደሚመጡ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶችም ስሟ የታተመበት አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተው እንደጨረሱ ጉባኤው ቀደም ሲል ያውቃል። ጨርቁን ጸሐፊው አይቶታል፤ አረንጓዴ ነው፤ በጣም ያምራል።

ተማሪ ቲሬሳ ቃሏ እንዳለ ይመዝገብልኝ ብላ ስለጠየቀች እንዲህ ተመዝግቧል።

«ትናንት ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቱቦው ተዘጋብኝ። የገንዳውን ክዳን ከፍቼ እጄን ሙቅ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ለስላሳ ነገር ነካሁ። መጀመሪያ አምልጦ የወደቀ አንጎል መሰለኝ። በኋላ ግን ይሄን የሚያህል አንጎል ያለው አይጥ የለም ብዬ አወጣሁት። በላስቲክ የታሰረ ፓይ ነው። ስቴክና ቺዝ።»

ሰብሳቢው በተጋገረው ሊጥ ውስጥ ያለው ስቴክና ቺዝ መሆኑን በምን እንዳረጋገጠች ጠየቁ። ተለጣፊ ወረቀቱን እንዳነበበች መለሰች። ዶ/ር ብሬት ፓዩ አሁን የት እንዳለ ጠየቁ። ጸሐፊው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ቢታለፍ ጊዜ ይቆጥባል የሚል አስተያየት ሰጠ።

ተማሪ ቲሬሳ ቀጥላ እንዳስረዳችው፣ ገንዳው ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ፈሳሽ ሠላሳ ዲግሪ ላይ እንዲያቆይ የተቀመጠ ነው። አንድ ሰው ሐሙስ ጠዋት ስልሳ ያደርገውና ፓዩን ያሞቃል፤ ከዚያ ወደ ሠላሳ ይመልሰዋል። ውሃው ብዙ ስለሆነ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አምስት ላይ ይቆያል። ሲናፕስ ደግሞ ሲሞቀው የበለጠ ይበረታል። መድኃኒቱ የሚመጣው ረቡዕ ማታ ስለሆነና ከአንድ ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ መድኃኒት ያለበት ሙከራ በሙሉ የተሠራው ሐሙስ ነው። መድኃኒት የሌለበት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው።

«ስለዚህ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አላውቅም» አለች። «እስካሁን እንደሚሠራ የማውቀው ፓዩን ነው።»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ውሃው ሠላሳ እስኪደርስ ጠብቃ መድኃኒት ያለበትንም የሌለበትንም ሙከራ በአንድ ማሽን እንደደገመች፣ ልዩነትም እንዳላየች ጨምራ ገለጸች። የአንድ ቀን ሥራ ማስረጃ እንደማይሆን፣ ጽሑፉ ግን ዛሬ እንዳይወጣ ጉባኤው እንዲፈቅድላት ጠየቀች።

 ሰብሳቢው ተነሥተው ማሞቂያውን ሁለት ጊዜ አጥፍተው ሁለት ጊዜ አበሩት።

አጀንዳ 3፦ ጥፋተኛውን ስለመለየት

በገንዳው ውስጥ ፓይ የማሞቅ ልማድ ስላለው ሠራተኛ ማንነት ውይይት ተደረገ። ጸሐፊው ጉዳዩ የግል ሕይወትን ስለሚነካ በስም ባይመዘገብ ይሻላል የሚል አስተያየት ሰጠ። ዶ/ር ብሬት የሚከተለውን ተናገሩ።

«ዋረን፣ ሐሙስ ሐሙስ ካፌው ዝግ ነው። ሂኔራንጊ ምሳ ከቤት ታመጣለች። ፌርገስ በአፕል ብቻ የሚኖር ሰው ነው። ቲሬሳ አንጎል እየቆረጠች አትበላም። ኒኮላ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ትረሳለች። እኔ ሥጋ ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው። እስቲ አንተው ቁጠርና ስንት ሰው እንደቀረ ንገረን።»

ጸሐፊው ቆጠረ። አንድ ሰው ቀረ።

«እሺ፣ የኔ ነው» አለ ጸሐፊው። «ስድስት ዓመቴ ነው።»

ለምን በማይክሮዌቭ እንደማያሞቅ ተጠየቀ። ማይክሮዌቩ ሲበራ በቀረጻው ላይ ጫጫታ ይፈጥራል ተብሎ በ2013 በሰብሳቢው ፊርማ መታገዱን፣ ማስታወቂያው እስካሁን በሩ ላይ እንዳለ አስታወሰ። ገንዳውን የመረጠው ለሳይንሱ አስቦ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። እንዲህ ሲል ራሱን ሲሰማ ስላፈረ አልጨረሰውም።

ዶ/ር ሂኔራንጊ የአንጎሉ ማስቀመጫ ቴርሞሜትር ለምን ሳይናገር እንደቀረ ጠየቁ። ቴርሞሜትሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ሠላሳ አምስት ሲል መኖሩ ተረጋገጠ። በላዩ ላይ ግን ፕላስተር ተለጥፎበታል። ፕላስተሩ ላይ «ሐሙስ ሐሙስ ያብዳል፤ አትመኑት» የሚል ጽሑፍና የሰብሳቢው ፊርማ ይገኛል። ሰብሳቢው ፊርማው የእሳቸው መሆኑን አመኑ። በዚህኛው ጉዳይ መገኘታቸውንም አመኑ።

ተማሪ ቲሬሳ ሁለቱንም ሙከራ በአንድ ቀን ለመሥራት በመጀመሪያው ዓመት ጠይቃ እንደነበር፣ ሁለተኛው ማሽን ሐሙስ ሐሙስ ለዶ/ር ብሬት ተይዟል ተብላ እንደቀረች አስታወሰች። ዶ/ር ብሬት ሐሙስ ሐሙስ በማሽኑ ምን ሲሠሩ እንደነበር ተጠየቁ። ማዕበሉ ጥሩ ከሆነ በሰሌዳ ሊጋልቡት ሴንት ክሌር ባሕር ዳርቻ እንደሚሄዱ፣ ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ጥሩ እስኪሆን እንደሚጠብቁ ገለጹ።

ዶ/ር ሂኔራንጊ በዚህ ረገድ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ጸሐፊው በእሳቸው የውጤት ሰንጠረዥ ላይ «ቀን» የሚል ዓምድ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደነበር፣ ነገር ግን «የሳምንቱ ቀን ባዮሎጂ አይደለም» ብለው ራሳቸው እንደሰረዙት አመኑ። ከዚህ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ቴርሞሜትሩ ለሦስት ዓመት እውነቱን የተናገረ ብቸኛው የቤተ ሙከራው አባል ስለሆነ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት የሚል ሐሳብ ከተማሪ ቲሬሳ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ከረጅም ውይይት በኋላም ጥፋቱ የሁሉም ስለሆነ የማንም እንዳልሆነ ተወስኗል። ሁሉም እፎይ አለ። ቲሬሳ ብቻ እጇን አላወጣችም፤ ለመቃወምም አላወጣችም።

አጀንዳ 4፦ ምን ይደረግ

ሰዓቱ 4፡50 ሆኗል። የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ዶ/ር ብሬት በጽሑፉ ርእስ ላይ «በሞቀ ሁኔታ» የሚል ቃል ቢጨመር ችግሩ ግኝት ይሆናል አሉ። ዶ/ር ሂኔራንጊ ርእሱ ሳይነካ የፓዩን ውጤት በስሌት መቀነስ እንደሚቻል፣ ለዚህ ግን በየትኛው ሐሙስ ፓይ እንደነበረና እንዳልነበረ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ጸሐፊው መዝገብ አልያዝኩም አለ። በጽሑፍ የሚገኘው ብቸኛ ማስረጃ የጸሐፊው ሐኪም የያዙት የኮሌስትሮል ውጤት መሆኑ ተደረሰበት። ጸሐፊው ውጤቱን ለሳይንስ እንዲለግስ ተጠይቆ እንደሚያስብበት ገልጿል።

ዶ/ር ብሬት ይህ ካልሆነ ጥናቱ በአዲስ መልክ ይሠራ፤ ግማሹ በስቴክ ፓይ፣ ግማሹ ለማነጻጸሪያ በአትክልት ፓይ፣ የተወሰነው ባዶ ላስቲክ ተነክሮ ይታይ አሉ። ዶ/ር ሂኔራንጊ የትኛው ፓይ የት እንዳለ ሠራተኞቹ ማወቅ የለባቸውም አሉ። ዶ/ር ብሬት፣ ዋረን አሽትቶ ያውቃቸዋል አሉ። በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ክርክር ተደርጓል። ጸሐፊው ሙሉውን መመዝገብ ይችል ነበር፤ ለቤተ ሙከራው ስም ሲል አልመዘገበም።

በመጨረሻ ሰብሳቢው የራሳቸውን ሐሳብ አቀረቡ። ጽሑፉ እንዳለ ይላክ፤ ከሥር በትንሽ ፊደል «ሙቀቱ በአካባቢው ልማድ መሠረት ተጠብቋል» የሚል የግርጌ ማስታወሻ ይግባ።

ተማሪ ቲሬሳ ተቃወመች። እዚህ ቤት ሁሉም ሰብሳቢውን ፌርገስ ብሎ አንተ እያለ ነው የሚጠራቸው። እሷ ግን የሳሞአ ሰው ናት፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአካባቢው ልማድ የሚሉት የአቶ ዋረንን ምሳ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ሰብሳቢው።

«ይህን እያወቅን ብንልክ ሌላ አገር ያለ ተማሪ ያምነናል። የመድኃኒቱን ሥራ ለመድገም ዓመታት ያቃጥላል። እሱ ፓይ የለውም።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ የተናገሩት ባይመዘገብ ደስ ይላቸው እንደነበር ጸሐፊው ያውቃል፤ ቢሆንም መዝግቦታል።

«ቲሬሳ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ንጹሕ የግራፍ መስመር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ያንቺን። ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለቤቴ ምንድን ነው ስትለኝ፣ የሚታወስ ነገር ሲፈጠር ይህን ይመስላል አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት እወጣለሁ። እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ ሌላ ምንም የለኝም።»

«እኔም እፈልጋለሁ» አለች ቲሬሳ። «ከእርስዎ ይልቅ እኔ እፈልጋለሁ።»

ጽሑፉ ከመጽሔቱ ከተመለሰ በዲሴምበር መመረቅ እንደማይኖር፣ ሥራውን እንደገና ለመሥራት ቢያንስ ስምንት ወር እንደሚፈጅ ዶ/ር ሂኔራንጊ አሰሉ። ካሰሉ በኋላ ባላሰልኩት ኖሮ አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጽሑፉ ከነግርጌ ማስታወሻው እንዲላክ ተወሰነ። ጸሐፊው ከደገፉት አንዱ ነው። ለምን እጁን እንዳወጣ ማንም አልጠየቀውም። ቢጠየቅ መልሱ ፈርቶ ነው። ጽሑፉ ከተላከ ፓዩ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል፤ ካልተላከ ግን የአንዲት ልጅ ሦስት ዓመት የበላ ሰው ሆኖ መኖሩ ነው። በዚያች ደቂቃ ያሰበው ስለ ራሱ ብቻ ነበር፤ አሁን ሲጽፈው ፊቱ ይግላል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ርእስ ሥር የማንኪያዎቹ ጉዳይ ሊነሳ ታቅዶ ነበር። አልተነሳም።

ሰብሳቢው ፈቃዱን ማን እንደሚልክ ጠየቁ። ከተማሪ ቲሬሳ በስተቀር ማንም መላክ እንደማይችል፣ የይለፍ ቃሉ የእሷ መሆኑ ታወቀ። ጉባኤው በዚህ በኩል አላሰበም ነበር። ተማሪ ቲሬሳ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ከፊቷ አስቀመጠች፤ ከመንካቷ በፊት ግን ለእናቷ መናገር እንዳለባት ገለጸች። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ መሆናችንን ለማስታወስ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ሰዓቱ 5፡28 ነበር።

እናትየው፣ ወ/ሮ ማሊያ ሌያቫሳ፣ አፒያ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ከአለቆቿ ጋር መሆኗን ሲሰሙ ሁሉም ይስማ ብለው አዘዙ። ስልኩ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ።

«ምን ሆንሽ? በሥራ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም።»

«ደህና ነኝ እማ። ውጤቱ ልክ አልነበረም። መድኃኒቱ አይደለም የሠራው፣ ሙቀት ነው።»

«አይጦቹ አልዳኑም ማለት ነው?»

አይጦቹ መጀመሪያም እንዳልታመሙ፣ ይህም ለእናትየው በየገናው ሲብራራ መኖሩ እዚህ ላይ ለመረጃ ተመዝግቧል።

«አይጦቹ አልታመሙም እማ። ስህተት ተሠርቷል ነው የምልሽ። ጽሑፉን ከመለስኩት በዲሴምበር አልመረቅም።»

 በስልኩ ከኋላ ዶሮና የሚጠረግ ግቢ ይሰማ ነበር።

«ስህተቱን ማን አገኘው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«ዝም ብትዪስ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም፣ እማ።»

በዚህ ጊዜ አራት የጉባኤው አባላት ጠረጴዛውን ይመለከቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከስልኩና ከኮምፒዩተሩ በቀር ምንም አልነበረም።

«እና እኔን የምትጠይቂኝ ምንድን ነው?» አሉ እናትየው።

«ልብሱ ተሰፍቷል። አርባ አንድ ሰው ነው።»

«የተሰፋ ልብስ አይበላሽም። በሚመጣው ዓመት በዚያው ልብስ እንመጣለን። ማንም እንዳይወፍር ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። አጎትሽን ለብቻው ነው የምነግረው።»

ሰብሳቢው ስልኩን ጠጋ ብለው ራሳቸውን አስተዋወቁ። ስለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ እንደሚጠይቁ፣ ልጃቸው በዚህ ክፍል ካለነው ሁሉ የተሻለች ሳይንቲስት መሆኗን ተናገሩ። እናትየው አመሰገኑ። ከዚያ፣ «ፕሮፌሰር፣ ልጄ ምሳ በልታለች?» ብለው ጠየቁ።  ትበላለች ተብሎ ቃል ተገብቶ ስልኩ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሰብሳቢው ራሳቸው ባቀረቡት ሐሳብ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የግርጌ ማስታወሻው አይገባም፤ ጽሑፉ አይላክም። ያለፈው ቃለ ጉባኤም አልጸደቀም፤ ምናልባትም አልነበረም። ለቴርሞሜትሩ የሚጻፈው የምስጋና ደብዳቤ ከሽረቱ ነጻ እንዲሆን ተማሪ ቲሬሳ ጠይቃ ነበር፤ ሁሉ ማለት ሁሉ ነው ተብሎ አልተፈቀደም።

ዶ/ር ሂኔራንጊ ሁሉ ከተሻረ «ጥፋቱ የማንም አይደለም» የሚለውም እንደሚሻር አስታወሱ። ጉባኤው ለአፍታ አሰበበት፤ ከዚያም ተቀበለው። በዚህ መሠረት ጥፋቱ ወደየባለቤቱ ተመልሷል። ፓዩ የዋረን ትዊዲ፣ ፕላስተሩ የፌርገስ ጌዲስ፣ ባዶው ማሽን የብሬት ሎክዉድ፣ የተሰረዘው ዓምድ የሂኔራንጊ ፓኪ ነው። እያንዳንዱ በስሙ አጠገብ ፈርሟል።

ሰብሳቢው ሰኞ ጠዋት ከተማሪ ቲሬሳ ጋር አብረው ማሽኑ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስም ጡረታቸውን እንደሚያቆዩ ገለጹ። ማሽኑን ከነኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በየት በኩል እንደሚበራ ጠየቁ። ዶ/ር ብሬት ሐሙስን በሙሉ ለቀቁላት። ይህ ውሳኔ ስላልሆነ አይሻርም፤ ቃል ነው።

5፡51 ላይ ተማሪ ቲሬሳ ጽሑፉን ከመጽሔቱ መለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫነችው። ኮምፒዩተሩ እርግጠኛ ነሽ ብሎ ጠየቃት፤ ነኝ አለችው። ከዚያ አለቀሰች።

ጸሐፊው ይህ ይመዝገብ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቃት።

«ይመዝገብ» አለች። «ለምን እንዳለቀስኩ ግን ይተዉት፣ አቶ ዋረን።»

ጸሐፊው ትቶታል። ስብሰባው 6፡05 ላይ ተበትኗል።